መብራቱ እየበራ ገጽ የማይከፍት ራውተር፦ የፋይል ልውውጥ ጫና በቤት ኢንተርኔት ላይ የሚያስከትለው ችግርና መፍትሔው

የንግድ ፈቃድ ማሳደስ፣ ግብር ማሳወቅ፣ ለፓስፖርት ማመልከት፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት መመልከትና ሌሎችም በርካታ ጉዳዮች ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት ይፈጸማሉ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ለምትገኘው ለዲላ ከተማና ለጌዴኦ ዞን ወረዳዎች ነዋሪዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በቤት ውስጥ ተሞልቶ የተላከ አንድ ቅጽ የረጅም መንገድ ድካምን፣ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪን ያስቀራል። እፎይታው የሚገኘው ግን ቅጹ ያለበት ገጽ በተገልጋዩ ቤት ተከፍቶ እስከ መጨረሻው ሲሠራ ነው። ገጹ በመሃል ቆሞ የተፈቀደው ጊዜ ካለፈ፣ የተሞላው መረጃ ጠፍቶ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ቀነ ገደብ ላለው ጉዳይ ደግሞ መዘግየቱ በቅጣት ሊያልቅ ይችላል።

አንድ የኢንተርኔት መስመር በርካታ ሰዎች በሚጋሩባቸው ግቢዎች በተደጋጋሚ የሚያጋጥም አንድ ዓይነት ችግር አለ። የራውተሩ መብራቶች በሙሉ በደህና ይበራሉ፤ በስልኩ ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክትም ሙሉ ነው፤ ገጽ ግን አይከፈትም። በተጀመረ የቪዲዮ ንግግር ላይ ያለ ሰው ንግግሩን እየቀጠለ ሳለ፣ በጎኑ የተቀመጠው ሰው አዲስ ገጽ መክፈት ያቅተዋል። ራውተሩ ተነቅሎ ሲሰካ ሁሉም ይስተካከላል፤ ከግማሽ ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ተጠቃሚዎች በዚህ ጊዜ መስመሩ ተበላሽቷል ብለው ቅሬታ ያቀርባሉ፣ ወይም ከፍ ያለ ክፍያ ከፍለው የኢንተርኔት ፓኬጃቸውን ያሳድጋሉ። ሁለቱም ሳያስፈልጉ ሊቀሩ ይችላሉ። የተዘረዘሩት ምልክቶች በአንድነት ከታዩ፣ በግቢው ውስጥ ካሉት ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ የፋይል መለዋወጫ ፕሮግራም እየሠራ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ጥርጣሬው እውነት ከሆነ መፍትሔው በተጠቃሚው እጅ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ፋይል መለዋወጥ ከሌላው አጠቃቀም በምን ይለያል?

አንድ ሰው ድረ ገጽ ሲከፍት መሣሪያው ለጥቂት አገልጋይ ኮምፒዩተሮች ጥያቄ ይልካል፣ መልሱን ይቀበላል፣ ከዚያም ያርፋል። የሚላከው ጥቂት፣ የሚመጣው ብዙ ነው። በተለምዶ ቶረንት የሚባለው አሠራር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ባለሙያ ብራም ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2001 ያዘጋጀው ቢትቶረንት የተሰኘው ዘዴ አንድን ትልቅ ፋይል በብዙ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል፤ ቁርጥራጮቹን የሚያመጣቸውም ከአንድ ቦታ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ ከተበተኑ በአሥርና በመቶ ከሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ነው። አውራጁ ኮምፒዩተርም በተራው ያገኘውን ቁርጥራጭ ወዲያውኑ ለሌሎች ማደል ይጀምራል። ፋይሉ ወርዶ ካለቀ በኋላም ቢሆን ፕሮግራሙ እስካልተዘጋ ድረስ ማደሉን ይቀጥላል።

ዘዴው በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ሊኑክስን የመሳሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች የሚሠራጩት በከፊል በዚሁ መንገድ ነው። በጫናው በኩል ግን ታሪኩ ረጅም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ናፕስተር የተባለው የሙዚቃ መለዋወጫ ብቅ ሲል በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የግቢያቸውን መስመር ስላጨናነቀባቸው አገልግሎቱን እስከ መዝጋት ደርሰዋል። ለዩኒቨርሲቲ መስመር የከበደ ሸክም ለአንድ ቤት ራውተር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። በዲላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሠራተኞች ተከራይተው በሚኖሩባቸው ግቢዎች፣ እንዲሁም ፊልምና ሙዚቃ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ እየጫኑ በሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይህ ዓይነቱ አጠቃቀም እንግዳ ነገር አይደለም። ሱቁና መኖሪያ ቤቱ አንድ መስመር የሚጋሩ ከሆነ ጫናው በቤተሰቡ ላይ ያርፋል።

ጫናው ራውተሩን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምልክታቸውም መፍትሔያቸውም የተለያየ ነውና።

የመጀመሪያው፦ መዝገቡ ሲሞላ

በስፋት በሥራ ላይ ያለው አራተኛው የኢንተርኔት አድራሻ ሥሪት ሊሰጥ የሚችለው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻዎችን ብቻ ነው። ይህ ለዓለም መሣሪያዎች ሁሉ ስለማይበቃ፣ አንድ ቤት በውጭ በኩል የሚታወቀው በአንድ አድራሻ ሲሆን፣ በውስጥ ያሉት ስልኮች፣ ኮምፒዩተሮችና ቴሌቪዥኖች ያንኑ ይጋራሉ። ከውጭ የመጣው መልስ ለየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚያውቀው ራውተሩ ነው፤ የሚያውቀውም እያንዳንዱን ግንኙነት በማኅደረ ትውስታው ውስጥ በሚገኝ ሠንጠረዥ ላይ ስለሚመዘግብ ነው። አንድ ግንኙነት ሲጀመር አንድ መስመር ይሞላል፤ ግንኙነቱ በአግባቡ ሲዘጋ ወይም የተወሰነለት ጊዜ ሲያልፍ መስመሩ ይሰረዛል።

የሠንጠረዡ ስፋት እንደ ራውተሩ ሞዴል ይለያያል፤ አነስተኛ ማኅደረ ትውስታ ባላቸው ርካሽና አሮጌ ራውተሮች ላይ ጠባብ ነው። ለተራ አጠቃቀም ይበቃል። የፋይል መለዋወጫ ፕሮግራም ግን በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን ከመክፈቱም በላይ፣ ፋይሉ በማን ዘንድ እንዳለ ለማወቅ ሳያቋርጥ ወደ አዳዲስ አድራሻዎች አጫጭር ጥያቄዎችን ይልካል። እያንዳንዱ ጥያቄ በሠንጠረዡ ላይ ቦታ ይይዛል። ከእነዚህ አድራሻዎች ብዙዎቹ የጠፉ ኮምፒዩተሮች ስለሆኑ ምላሽ አይሰጡም፤ መዝገቡ ግን ጊዜው እስኪያልፍ እዚያው ይቆያል።

ጊዜው ደግሞ አጭር አይደለም። የኢንተርኔት የአሠራር ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ አካል በአንዱ ዓይነት ግንኙነት፣ ማለትም በዩ.ዲ.ፒ.፣ ያለ ሥራ የቆመ መዝገብ ቢያንስ ለ2 ደቂቃ እንዲቆይ፣ በቲ.ሲ.ፒ. የተመሠረተ ግንኙነት ደግሞ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በፊት እንዳይሰረዝ ይመክራል። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች በሚሠሩበት በሊኑክስ ሥርዓት ደግሞ፣ አምራቹ ካልቀየረው በስተቀር፣ ለተመሠረተ የቲ.ሲ.ፒ. ግንኙነት የተያዘው ጊዜ 5 ቀን ነው። በአግባቡ ሳይሰናበቱ የቀሩ ግንኙነቶች እየተጠራቀሙ ሠንጠረዡን የሚሞሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ራውተሩ አዲስ ግንኙነት አይቀበልም፤ ቀድሞ የተመዘገበውን ግን ማስተላለፉን ይቀጥላል። የቪዲዮ ንግግሩ እየቀጠለ አዲስ ገጽ የማይከፈተው ለዚህ ነው። ገጽ መክፈት የሚጀምረው የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ በሚለውጥ አንድ አነስተኛ ጥያቄ ስለሆነ፣ ያ ጥያቄ መውጫ ሲያጣ ማሰሻው ድረ ገጹ አልተገኘም የሚል መልእክት ያሳያል። ተገልጋዩ ይህን ሲያይ የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ተቋርጧል ብሎ ያስባል። ራውተሩን ነቅሎ መሰካት ሠንጠረዡን ባዶ ያደርገዋል፤ ስለዚህም ችግሩ ለጊዜው ይጠፋል። ፕሮግራሙ ሥራውን ስለሚቀጥል ግን ሠንጠረዡ እንደገና ይሞላል። ችግሩ በየምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ መመዝገብ በራሱ አንድ ምርመራ ነው፤ ከአንዱ መሙላት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ ተቀራራቢ ከሆነ ጥርጣሬውን ያጠናክረዋል።

ሁለተኛው፦ የመላኪያው ሰልፍ ሲረዝም

በመዳብ የስልክ መስመር የሚሰጠው የኢንተርኔት አገልግሎት፣ ማለትም ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል.፣ ሲሠራ ጀምሮ ለማውረድ ሰፊ፣ በተለምዶ አፕሎድ ለሚባለው ለመላክ ግን ጠባብ ሆኖ የተዘጋጀ ነው። ብዙ ሰው ከሚልከው ይልቅ የሚያወርደው ስለሚበዛ አከፋፈሉ ትክክል ነበር። ቶረንት ግን ይህን ሒሳብ ያፋልሰዋል፤ ጠባቡን መንገድ ቀንና ሌሊት ይሞላዋል።

የሚያስከትለውን ነገር ለመረዳት የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያን ማሰብ ይረዳል። በጥቅምትና በኅዳር ቀዩ እሸት በሚለቀምበት ወቅት መፈልፈያ ማሽኑ በሰዓት የሚፈለፍለው መጠን የታወቀ ነው። አንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ሙሉ እሸት ቢያራግፍ፣ ከኋላው አንድ ቅርጫት ይዞ የመጣው አርሶ አደር ያ ሁሉ ተፈልፍሎ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። የቅርጫቱ ማነስ ወረፋውን አያሳጥርለትም። በራውተሩ ውስጥም የሚላኩ መረጃዎች ተራቸውን የሚጠብቁበት ማቆያ አለ። የመላኪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 512 ኪሎ ቢት በሆነ መስመር ላይ 256 ኪሎ ባይት የሚይዝ ማቆያ በቶረንት ቢሞላ፣ ከኋላ የመጣች ትንሽ መረጃ ለመውጣት 4 ሰከንድ ያህል ትጠብቃለች። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ መምከሩን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መላኪያው ሲጨናነቅ ማውረጃውም አብሮ ይዘገያል። አንድ ኮምፒዩተር መረጃ ሲያወርድ፣ የደረሰውን ደርሶኛል እያለ በየጊዜው አጭር ማረጋገጫ ወደ ላኪው መመለስ አለበት፤ ማረጋገጫው በረጅሙ ሰልፍ ውስጥ ሲቆም ላኪው የሚቀጥለውን መላክ ያዘገያል። ስለዚህ በሰከንድ ብዙ ሜጋ ቢት የማውረድ አቅም የተከፈለበት መስመር በጠባቡ የመላኪያ መንገድ ምክንያት የሞተ ሊመስል ይችላል።

ይህ ጉድለት በአገራችን ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጂም ጌቲስ የተባሉት አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ከቤታቸው ብዛት ያለው ፋይል በመላክ ላይ ሳሉ የቤተሰባቸው ኢንተርኔት መቆሙን ተከትለው ባደረጉት ምርመራ፣ ምክንያቱ ከመጠን ያለፈ ትልቅ ማቆያ መሆኑን ለዓለም አሳወቁ። ከ2 ዓመት በኋላ ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮድል የተሰኘውን የሰልፍ ማሳጠሪያ ዘዴ አቀረቡ። ዛሬ በገበያ ላይ ከሚገኙት ራውተሮች አንዳንዶቹ ይህን ዘዴ ይዘው ይመጣሉ፤ አዲስ ራውተር የሚገዛ ሰው ሻጩን ስለ አንቴናው ብዛት ከመጠየቅ ይልቅ ስለዚህ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ችግሩን በቤት ውስጥ ለይቶ ማወቅ

ምርመራው ከአንድ ኮምፒዩተር በስተቀር ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ የትእዛዝ መጻፊያው መስኮት ይከፈትና በላቲን ፊደል ፒንግ የሚለው ቃል፣ ቀጥሎም የራውተሩ አድራሻ ይጻፋል። አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ሲሆን፣ በራውተሩ ታች በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። የሚመጣው ቁጥር ከኮምፒዩተሩ እስከ ራውተሩ ደርሶ ለመመለስ የወሰደውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ያሳያል። በመቀጠል በሌላ መስኮት ወደ ውጭ፣ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8፣ ተመሳሳይ ሙከራ ይደረጋል። ከአድራሻው በኋላ ሰረዝና የላቲን ቲ ፊደል ከተጨመረ ሙከራው እስኪያስቆሙት ይቀጥላል።

ሙከራው ሁለት ጊዜ መደረግ አለበት፤ አንድ ጊዜ ችግሩ በታየበት ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ በግቢው ያሉ ፋይል መለዋወጫዎች ሁሉ ቆመው። ወደ ራውተሩ የተላከው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ እየተመለሰ ወደ ውጭ የተላከው ግን ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከረዘመ፣ ፋይል ልውውጡ ሲቆም ደግሞ ወዲያውኑ ከወረደ፣ ጥፋቱ የመላኪያው ሰልፍ ነው። ቀደም ብሎ የተጀመረው ሙከራ በደህና እየቀጠለ አዲስ ገጽ የማይከፈት ከሆነ የመዝገቡ መሙላት ሊጠረጠር ይገባል። ወደ ራውተሩ የሚወስደው ጊዜ ራሱ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የዋይፋዩ ርቀት፣ በመካከል ያለው ግድግዳ ወይም የጎረቤት ዋይፋይ ጣልቃ ገብነት መመርመር አለበት። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ሙከራውን መድገም ጥያቄውን ይዘጋዋል።

የትኛው መሣሪያ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ወደ ራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ገብቶ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር መመልከት፣ ከዚያም አንድ በአንድ እያቋረጡ ለውጡን መከታተል ይበቃል። በዝርዝሩ ላይ የማይታወቅ መሣሪያ ከተገኘ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ከግቢው ውጭ ወጥቷል ማለት ነው። የይለፍ ቃሉን መቀየር ያኔውኑ የሚደረግ ነው፤ ከፋብሪካ ተሞልቶ የመጣው የመቆጣጠሪያ ገጹ የይለፍ ቃልም አብሮ ሊቀየር ይገባል።

መፍትሔው ከፕሮግራሙ ይጀምራል

ፋይል መለዋወጥን ጨርሶ መከልከል አስፈላጊ አይደለም፤ ልክ ማበጀት ይበቃል። በስፋት ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ የሆነው ኪውቢትቶረንት ከተጫነ በኋላ ማንም ካልነካው በጠቅላላው እስከ 500 ግንኙነት ይፈቅዳል። ለአነስተኛ የቤት ራውተር ይህ ብዙ ነው። በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ የግንኙነቶች ክፍል ተከፍቶ ጠቅላላውን ወደ 100፣ ለአንድ ፋይል የሚፈቀደውን ወደ 30 ወይም 40 ማውረድ፣ በአንድ ጊዜ የሚወርዱትንም ፋይሎች ከአንድ ወይም ከሁለት አለማሳለፍ ይመከራል። የማውረጃው ፍጥነት በዚህ ምክንያት ብዙ አይቀንስም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የመስመሩ ስፋት እንጂ የግንኙነቱ ብዛት አይደለም።

የመላኪያው ፍጥነት ወሰን ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በመጀመሪያ ልውውጡ ሁሉ ቆሞ የመስመሩ የመላኪያ ፍጥነት በአንድ የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ይለካል። ወሰኑ ከተለካው ከ70 እስከ 80 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ መስመሩን ብዙ ቤተሰብ የሚጋራው ከሆነ ግማሹ ይበቃል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አገልግሎት ሰጪዎች ፍጥነትን የሚገልጹት በቢት ሲሆን ፕሮግራሞቹ ግን በባይት ይጠይቃሉ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በሰከንድ 512 ኪሎ ቢት ማለት 64 ኪሎ ባይት ብቻ ነው፤ 80 በመቶው ደግሞ 51 ገደማ ይሆናል። በሳጥኑ ውስጥ 400 ብሎ የጻፈ ሰው ምንም ወሰን አላበጀም። ሁለተኛው ወጥመድ ዜሮ ነው፤ በነዚህ ፕሮግራሞች ዜሮ ማለት ክልክል ማለት ሳይሆን ወሰን የለውም ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ፕሮግራሞቹ የሰዓት ፕሮግራም ማውጣት ይችላሉ። ቤተሰቡ በተኛበት ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ሙሉ ፍጥነት፣ በቀን ግን ዝቅተኛ ወሰን ማድረግ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ፕሮግራሙ በራሱ እንዳይጀምር ማድረግም ይገባል፤ በተለይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በግቢው ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ያቋረጡትን በአንድ ጊዜ ስለሚቀጥሉ ራውተሩ ገና ከመነሳቱ ይጨናነቃል።

ፕሮግራሙ የሌላ ተከራይ ሆኖ ማስተካከል ካልተቻለ ብዙ ራውተሮች ለእያንዳንዱ መሣሪያ የፍጥነት ጣሪያ የሚወስን ወይም ለአንዳንድ አገልግሎቶች ቅድሚያ የሚሰጥ ክፍል በመቆጣጠሪያ ገጻቸው ላይ አላቸው። የመስመሩ ባለቤት ይህን ከማድረጉ በፊት ተከራዮቹን ማነጋገሩ ይመረጣል፤ ወጪውን በጋራ ለሚከፍሉ ሰዎች በስምምነት የተወሰነ ሰዓት ከማንኛውም ማስተካከያ ይልቅ ይሠራል። ፓኬጅ ማሳደግ የመጨረሻው እርምጃ ቢሆን ይመረጣል። ወሰን ያልተበጀለት ፋይል መለዋወጫ የተጨመረለትንም አቅም ስለሚወስድ፣ ጥቅሙ ከክፍያው ጋር ላይመጣጠን ይችላል።

ቶረንት ሳይኖር ተመሳሳይ ጫና ሲፈጠር

በግቢው ማንም ቶረንት የማይጠቀም ሆኖ ምልክቶቹ የሚታዩ ከሆነ፣ ሌሎች ላኪዎች መፈለግ አለባቸው። ስልኮች ፎቶና ቪዲዮን በራሳቸው ወደ ውጭ ማከማቻ ይልካሉ፤ አንድ የሠርግ ቅዳሜ ካለፈ በኋላ የእሑድ ኢንተርኔት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የዊንዶውስ ማሻሻያም እንደ ሥሪቱና እንደ ማስተካከያው ያወረደውን ለሌሎች ኮምፒዩተሮች ያካፍላል፤ ከሌሎች ኮምፒዩተሮች ማውረድን የሚፈቅደውን ምርጫ በማጥፋት ማስቆም ይቻላል።

ቴሌግራም ተለይቶ ሊጠቀስ ይገባዋል። በአገራችን የትምህርት ቪዲዮም ሆነ ፊልም የሚለዋወጡት በአብዛኛው በእሱ ነው፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ይቀበላል። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎች 1 ጊጋ ባይት የሆነ ቪዲዮ በቴሌግራም ሲለዋወጡ ፋይሉ ባሕር ማዶ ወዳለ አገልጋይ ሄዶ ይመለሳል። የመላኪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሆነ መስመር መላኩ ብቻ 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ይወስዳል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የግቢው ሰው ይቸገራል። ያው ፋይል በፍላሽ፣ ወይም ዜንደርንና ሼርኢትን በመሰሉ ስልክን ከስልክ በቀጥታ በሚያገናኙ መተግበሪያዎች ቢተላለፍ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ የኢንተርኔት መስመሩንም አይነካም።

በአራተኛና በአምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ለሚሠሩ ራውተሮችም የተባለው ሁሉ ይሠራል። በእነዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ጥቅሉ በመጠን የተገደበ ከሆነ ቶረንት የሚልከውም መጠን ከጥቅሉ ይቆረጣል።

ይዘቱን በተመለከተ የሕግ ጉዳይም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፊልም፣ የሙዚቃና የሶፍትዌር ባለቤቶችን መብት ይጠብቃል። ቶረንት አውራጁን በዚያው ቅጽበት አሠራጭም ስለሚያደርገው፣ ለራሴ ብቻ ነው ያወረድሁት የሚለው ምክንያት ከእውነታው ጋር አይጣጣምም። መስመሩ በስሙ የተመዘገበ ደንበኛ ሌሎች በመስመሩ የሚያደርጉትን ማወቁ ለራሱ ጥንቃቄ ነው።

ወደ አገልግሎት ሰጪው መደወል መቼ ይገባል?

ልውውጡ ሁሉ ቆሞ፣ ራውተሩ ተነቅሎ ተሰክቶ፣ ኮምፒዩተሩ በኬብል ተገናኝቶ ችግሩ ካልተወገደ ጥፋቱ ከቤት ውጭ ሊሆን ይችላል። መብራቶቹም ይናገራሉ። በመዳብ መስመር ላይ ዲ.ኤስ.ኤል. የሚለው መብራት የሚያርገበግብ ወይም በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ መስመሩ ራሱ እየተቋረጠ ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት ወቅት በኬብል መገጣጠሚያዎች ውኃ ሲገባ ይህ ያጋጥማል። በፋይበር መስመር ላይ ሎስ የሚለው መብራት በቀይ ከበራ የብርሃን ምልክቱ ወደ ቤቱ አልደረሰም ማለት ነው። በሁለቱም ሁኔታዎች በቤት ውስጥ የሚደረግ ማስተካከያ ስለማይረዳ ጊዜ ማባከን አይገባም። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኛ በ700 በመደወል ማሳወቅ ይችላል።

ከመደወል በፊት የአገልግሎት ቁጥሩን፣ ችግሩ የሚታይበትን ቀንና ሰዓት፣ የመብራቶቹን ሁኔታ፣ ልውውጡ ቆሞ በኬብል የተለካውን የማውረጃና የመላኪያ ፍጥነት እንዲሁም የፒንግ ውጤቱን በወረቀት ላይ መያዝ ይጠቅማል። ራውተሩን አጥፍተህ አብራው የሚለውን የመጀመሪያ ጥያቄ አልፎ በቀጥታ ወደ መስመሩ ምርመራ የሚያስገባው ይህ መረጃ ነው። የቅሬታውን መለያ ቁጥር ተቀብሎ ማስቀመጥም ያስፈልጋል። በአገልግሎት ሰጪው ምላሽ ያልረካ ደንበኛ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቀደም ሲል ለአገልግሎት ሰጪው የቀረበው ቅሬታ ቁጥርና የተሰጠው ምላሽ ከአቤቱታው ጋር አብሮ ቢቀርብ ጉዳዩን ያፋጥናል።